ዛፍና ጃንጥላ የተፎካከሩበት ዓመት

እኛ ሰፈር ሰው ለኃላፊነት ሲታጭ ወዲያው «እሺ» አይልም፤ ነውር ነው። የእድራችን ሰብሳቢ በተመረጠ ቁጥር ተመራጩ መጀመሪያ «ኧረ እኔን ተዉኝ፣ ጤናም የለኝ» ይላል። ቀጥሎ «ከእኔ የሚሻል ሞልቶ» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ያመለክታል። በመጨረሻ ተነስቶ ሊወጣ ይልና በጋቢው ጫፍ ተጎትቶ ይቀመጣል። «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ ሰፈር የመጣ ጎልማሳ ስሙ ገና ከመጠራቱ «ደስ ይለኛል» ብሎ ብድግ አለና ሰው ሁሉ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ሰውየው ደግ ሰው ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ማንም በሙሉ ልቡ አላመነውም።

የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ የመጣው እንዲህ ባለ ሰፈር ላይ ነው። ያኔ እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ቤት ተቀምጬ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልጃገረድ ነበርኩ። ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ከጓሯችን ተነስቶ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው ባሕር ዛፍ ከፊሉ የአባቴ ነበር፤ አጣናና ማገር እያስቆረጡ ለቤት ሠሪ ይሸጡ ነበር። ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ መኪና መንገዱ አጠገብ፣ ወፍጮ ቤት አለ። ባለ ወፍጮው የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ እኔም የታጨሁት ለልጃቸው ነው። የወፍጮውን ሞተር የሚጠግነው እሱ ስለነበር እጁ ሁልጊዜ ግሪስ ነው፤ ሽማግሌ የተላከ ዕለት እንኳ ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀለትም። እወደው ነበር። ዛሬ ይህን ለመናገር አላፍርም፤ ያኔ ግን ለስፌት መኪናዬም አልነገርኩ።

በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለች ቁራሽ ቦታ ላይ ጎጆ ይሠራልን ጀመር። ቋሚውንና ማገሩን አባቴ፣ ቆርቆሮውን ባለ ወፍጮው ችለዋል። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እኔ በየማታው በጓሮ በር ብቅ እያልኩ ማገሩ ምን ያህል ከፍ እንዳለ አይ ነበር።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የአጥቢያ ዳኛው ሕዝቡን ሰብስበው የምርጫውን ደንብ አስረዱ። አዲሱ ሕገ መንግሥት እንደራሴውን ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ ብሏል። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል፤ ሴትም ትመርጣለች። የሚወዳደረው ግን ቤት ወይም መሬት ያለው ነው። ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ በምስጢር፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነው።

«በምስጢር?» አሉ አንድ አዛውንት። «ምን የሚያሳፍር ነገር ልንሠራ ነው?»

«ማንም ማንንም ሳይፈራ እንዲመርጥ ነው» አሉ ዳኛው።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማንን እፈራለሁ? የምመርጠውን ሰው ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። የማልመርጠውንም እነግረዋለሁ።»

ጋዜጣ የሚያነብ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ተነስቶ በውጭ አገር ፓርቲ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ሰዎቹ በሐሳብ ተሰባስበው እንደሚወዳደሩ አስረዳ። አዛውንቱ ጆሯቸውን አቅንተው ሰሙና «ጽዋ ማኅበር ነው?» አሉ። አይደለም ተባሉ። «ዝክር የላቸውም?» የላቸውም። «ታዲያ ሳይዘክሩ ለምን ይሰበሰባሉ?» ጸሐፊው ጋዜጣውን አጥፎ ተቀመጠ።

«ለማንኛውም በእኛ አገር ፓርቲ አልተፈቀደም» አሉ ዳኛው። «እያንዳንዱ የሚቆመው ለራሱ ነው።»

«ለራሱ ከሆነ እኛን ምን አገባን?» አለች ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ።

ሰው ግን ስቆ አልተወውም። የካን አንድም ቀን አይቷት የማያውቅ ሰው እንደራሴያችን ከሚሆን ከእኛው አንዱ ይቁም ተባለ። ቤትና መሬት ኖሯቸው ሰው የሚያከብራቸው ደግሞ ሁለቱ ናቸው፤ አባቴና ባለ ወፍጮው። ሁለቱ ወዳጆች አንድ ቀን ማታ እኛ ቤት ተቀምጠው ሲነጋገሩ እኔ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማ ነበር።

«አንተ ቁም» አሉ አባቴ።

«ኧረ እኔን ተወኝ፣ ወፍጮውን ለማን ጥዬ?» አሉ ባለ ወፍጮው። «ይልቅ አንተ ቁም። አንተ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ትናገራለህ፤ የሱሉልታውም ሰው ያውቅሃል።»

«እኔማ አልሆንም። ከእኔ የሚሻል አንተ አለህ።»

«አይሆንም ወንድሜ። በእናትህ ተወኝ።»

እንዲህ ሲባባሉ አምሽተው፣ እንደ ደንቡ ሦስት ሦስት ጊዜ እምቢ ተባብለው ተለያዩ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። በእድር ቢሆን ይህን ጊዜ ሦስተኛ ወገን ጋቢያቸውን ይጎትት ነበር። እዚያ ግን ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ጋቢ አልጎትትም። ስለዚህ አባቴ «እውነትም አይፈልግም ማለት ነው» ብለው አሰቡ። ባለ ወፍጮውም ልክ እንደዚሁ አሰቡ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይሉኝታ ሲፈጩ የኖሩ ሰው የወዳጃቸውን ይሉኝታ ማወቅ አቃታቸው! በነጋታው ሁለቱም በየፊናቸው ሊመዘገቡ ወረዱ፤ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይም ተገናኙ።

አባቴ ሲመለሱ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። እናቴ ምን ሆንክ ብትላቸው «ተመዘገብኩ፤ እሱም ተመዝግቧል» አሉ። «ታዲያ አንዳችሁ አትተዉም?» «ልተው አልኩት፣ አይሆንም አለኝ። እሱም ልተው አለኝ፣ አይሆንም አልኩት።» እናቴ ከእንጦጦ ጀርባ ነው የተወለደችው፤ ስትናደድ በኦሮምኛ ነው የምትናገረው። ያን ቀን የተናገረችውን አልጽፈውም።

ማንበብ የማይችል ሰው ብዙ ስለሆነ ለየተወዳዳሪው የሥዕል ምልክት ተሰጠ። አባቴ ዛፍ ደረሳቸው፣ ባለ ወፍጮው ጃንጥላ። ሌሎችም ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ከእነሱ መሐል እኛ የምናስታውሰው ሰዓት የደረሰውን ነው። ከመሐል ከተማ ነው የሚባል፣ እኛ ሰፈር እግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው። ፎቶግራፉን እንኳ ያየ አልነበረም።

ፓርቲ የተከለከለው እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ነው። በሳምንቱ የዛፍ ሰዎችና የጃንጥላ ሰዎች የሚባሉ ተፈጠሩ። ሰላምታ እንኳ ተቀየረ። «እንዴት አደርክ፣ ከዛፉ ሥር ነህ?» ይባላል። «አይ፣ እኔ ዝናብ አያገኘኝም» ብሎ የሚመልስ የጃንጥላ ሰው ነው። ጠላ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ክርክር ነበር፤ ሰው በዝናብ ጊዜ የሚጠለለው ዛፍ ሥር ነው ወይስ ጃንጥላ ሥር? ዛፍ መብረቅ ይጠራል ይላል አንዱ። ጃንጥላ በነፋስ ይገለበጣል ይላል ሌላው። ፓርላማ ገብቶ ምን ይሠራል የሚለውን ለመጠየቅ ጊዜ ያገኘ አልነበረም።

ተሳስቻለሁ፤ አንዲት ሴት ጠይቃለች። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት አንዷ ናት። ሸክሟን አጥራችን ላይ አስደግፋ አባቴን ጠራች። «እርስዎ ከተመረጡ ደን ጠባቂው ጭራሮአችንን እንዳይቀማን ያደርጋሉ?» አለቻቸው። አባቴ ራሳቸው ለጫካቸው ጠባቂ ቀጥረዋል። ተቁነጠነጡ። «እጠይቃለሁ» አሏት። «ማንን?» አለች። ያን ቀን ምሳ ሳይበሉ ዋሉ፤ ማታ ግን ጠባቂያቸውን ጠርተው የወደቀ ቅርንጫፍ የሚለቅም ሰው እንዳይነካ አዘዙት። በእኔ ዕውቀት ከዚያ ምርጫ የተገኘ ትርፍ ቢኖር ይኼ ነው።

የመስከረም አንድ ዕለት የእንጦጦ ራጉኤል ንግሥ ነው። እንደ ልማዳችን ገና ሳይነጋ ተነስተን ዳገቱን ወጣን። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ከግቢው ስንደርስ ሰማዩ ተደፈነ። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ጃንጥላውን ዘረጋ። ካህናቱም የወርቅ ዘቦ ጥላቸውን ይዘው ወጡ። የጃንጥላ ሰዎች እልል አሉ። አባቴ አንድ ጊዜ ግቢውን ዙሪያውን አይተው፣ አጠገባቸው የቆሙትን ባለ ወፍጮውን «ቤተ ክርስቲያኑን ሳይቀር አሰለፍከው?» አሏቸው። ባለ ወፍጮው ቀና ብለው ከላይ እስከታች ያለውን ባሕር ዛፍ በእጃቸው እያሳዩ «አንተ ተራራውን ሙሉ ለጥፈህ የለም እንዴ?» አሉ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ሳቅኩ፤ ምንም አይመጣም ብዬ ልቤ ረጋ።

ከዚያ በፊት ግን በምዝገባው ጊዜ አንድ ሌላ መከራ አሳልፌአለሁ። ለመምረጥ ሃያ አንድ ዓመት መሙላት ያስፈልጋል ብያለሁ። እኔ ሞልቶኛል። እናቴ ግን ሽማግሌ ሲላክ ለባለ ወፍጮው ቤት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ብላ ነግራለች። ልመዘገብ መሆኔን እንደሰማች ቀሚሴን ይዛ «ቅሪ! ምን ልታደርጊን ነው?» አለችኝ። አባቴ ግን የልጃቸው ድምፅ እንዲቀር አልፈለጉም። ሄድኩ፤ እናቴም ተከተለችኝ። መዝጋቢው ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ እናቴ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። ከኋላችን የተሰለፈች አንዲት ባልቴት «ምን ዝም ትላላችሁ? ጣሊያን ሲገባ በጀርባሽ አዝለሻት እንጦጦ ጫካ አብረን አልገባንም?» አለች። መዝጋቢው ቆጥሮ ጻፈ። ዞር ስል የእጮኛዬ እናት ሁለት ሰው ዘልላ ቆማለች። በሐፍረት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እሷ ግን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። በኋላ እናቴን «ዓይናችን ሥር ያደገችውን ልጅ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ስትይን እኮ ቀድሞም ሳቄ መጥቶ ነበር» አለቻት።

ነገሩ የተበላሸው ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ነው። ጠላ ቤት ውስጥ አንድ የዛፍ ሰው ሞቅ ብሎት «ወፍጮ ቤት ዱቄት የሚያጎድል ፓርላማ ሲገባ ምን ሊያደርግ ነው?» አለ። ለባለ ወፍጮ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። እሳቸው ደግሞ ሚዛናቸውን በየጠዋቱ ሰው ፊት የሚፈትሹ ሰው ናቸው። ቃሉ ሲደርሳቸው ተናጋሪው ተዘሎ «የልጅቷ አባት እንዲህ አለ» ሆኖ ደረሰ። አባቴ ይህን በሰሙ ጊዜ አላልኩም ብሎ መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም። «ይህን ያህል ዘመን አውቆኝ እንዴት ያምናል?» ብለው እሳቸውም ተቀየሙ። እኔ እንደ አባቴ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝና ያን ጊዜ ሁለቱንም እንደ በሬ በአንድ ቀንበር ብጠምዳቸው ደስ ይለኝ ነበር።

የዛፍ ሰዎች እህላቸውን ተሸክመው ሩቅ ወፍጮ መሄድ ጀመሩ። የጃንጥላ ሰዎች አጣና ከሌላ ሰፈር ማምጣት ጀመሩ። የጎጆአችን ሥራ ቆመ፤ ማገሩም አልተላከ፣ ቆርቆሮውም አልወጣ። አንድ ሽማግሌ ከባለ ወፍጮው ተልከው መጥተው «የሠርጉን ነገር ምርጫው ይለፍና እናየዋለን ብለዋል» ሲሉ ሰማሁ። «እናየዋለን» የምትለዋን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ እጠላታለሁ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ከዚያ ዩኒፎርም ሳልጨርስ ሁለት ቀን ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን እጮኛዬን ጣሪያ አልባው ጎጆአችን አጠገብ አገኘሁት። ቋሚዎቹን በእጁ እየነካ ይዞራል።

«ለማን ነው የምትሰጠው?» አልኩት። ደህና ዋልክም አላልኩ።

«ለአባቴ ነዋ» አለ። «አንቺስ?»

«ለአባቴ ነዋ።»

አንዱን ቋሚ ገፋ አድርጎ ጥንካሬውን ፈተሸ። ከዚያ «ለእኔ አባት ብትሰጪ ግን ቅሬታቸው ይበርድ ነበር» አለኝ።

«አንተስ ለእኔ አባት ብትሰጥ?»

«ወንድ ልጅ አባቱን ትቶ?»

«ሴት ልጅ አባቷን ትታስ?»

ልክ እንደ አባቶቻችን መሆናችን ነው። ተናድጄ ልሄድ ስል እጄን ያዘኝና «በምስጢር አይደል እንዴ? ማን ያውቃል?» አለ። የካን አያውቃትም እንዴ? ከመጋረጃው ስወጣ ፊቴን አይተው የሚያውቁብኝ ሴቶች ናቸው ያሉት። ለአባቴ ብሰጥ አማቶቼ ያውቃሉ፤ ለእነሱ ብሰጥ አባቴ ያውቃሉ። ሁለቱንም ብተው ፈሪ ነኝ። እስከ ምርጫው ቀን ድረስ ይህንኑ ሳስብ እንቅልፍ አልነበረኝም።

በምርጫው ቀን ሕዝቡ ንግሥ የሚሄድ ይመስል ነጭ በነጭ ለብሶ በአጥቢያ ዳኛው ግቢ ተሰለፈ። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። አባቴ ለዚሁ ያሰፉትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እኔ ነኝ ሱሪውን ያሳጠርኩት፤ አንዱ እግር ትንሽ ይበልጣል፤ አላስተዋሉም። ከፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው፣ ከኋላቸው ባለ ወፍጮው። ሁለቱ ጀርባና ፊት ሆነው ቆመው ቃል አይለዋወጡም። ሰው ሁሉ እነሱን ያያል።

አባቴ ስማቸው ተጠርቶ ወረቀታቸውን ተቀበሉና ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ከውስጥ በየምልክቱ የተደረደሩ ሳጥኖች አሉ። ትንሽ ቆዩ። መጋረጃው ተገልጦ ብቅ ሲሉ ዙሪያውን ቃኙ፤ ደረታቸውን ነፍተው ግቢው ሙሉ በሚሰማው ድምፅ ጮኹ።

«መርጫለሁ! የሰጠሁት ለጃንጥላ ነው! እኔ ለራሴ ምስክር አልሆንም!»

አስመራጩ ብድግ ብሎ «ጌታዬ፣ ምስጢር ነው፣ አይናገሩ!» አለ። «ምስጢር የለኝም» አሉት አባቴ።

ባለ ወፍጮውን አየኋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ወረቀታቸውን ተቀብለው ሲገቡ መጋረጃውን መግለጥ አቅቷቸው አስመራጩ ገለጠላቸው። ሲወጡ አባቴ ከጮኹት አስበልጠው ጮኹ።

«ለዛፍ ነው የሰጠሁት! ለወንድሜ!»

እዚያው መሐል ሜዳ ላይ ተቃቀፉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ በእልልታው መሐል የእናቴን ትከሻ ያዝኩ። እጮኛዬ ከወንዶቹ ሰልፍ ውስጥ ሆኖ ባርኔጣውን አውልቆ ሲያወዛውዝ፣ እጁ ያን ቀን ታጥቦ ነጭ ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምርጫ የሚባል ነገር አልቀረም። የዛፍ ሰዎች «ሰውየው ራሱ ለጃንጥላ ከሰጠ እኛ ማን ነን?» ብለው ወረቀታቸውን ጃንጥላ ውስጥ ከተቱ። የጃንጥላ ሰዎችም የጌታቸውን ቃል ሰምተው ዛፍ ውስጥ ጨመሩ። ሁሉም ሲወጣ የሰጠውን እየጮኸ ነው፤ አስመራጩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ። በስብሰባው ዕለት «ማንን እፈራለሁ?» ያሉት አዛውንት ደግሞ «ለጃንጥላ ሰጥቻለሁ፤ ዛፍ ግን እንዳይቀየመኝ» ብለው አስመራጩን አማላጅ አደረጉት። ከሁለቱ አንዱንም ማስቀየም ያልፈለጉ ብዙዎች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ለሰዓት ሰጡ። እናቴ ሳትደብቅ «ለማላውቀው ሰጠሁ፣ ተገላገልኩ» አለች።

የኔ ተራ ደርሶ ገባሁ። የዛፉን ሥዕል አየሁ፣ ጃንጥላውን አየሁ። እነሱ ታርቀዋል፤ የፈለግኩትን ባደርግ የሚቀየም የለም። ወረቀቱን ከተትኩና ወጣሁ። ሴቶቹ «ለማን?» ሲሉኝ አልመለስኩም። ከዚያ ግቢ ምስጢሯን ይዛ የወጣች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ውጤቱን በሰማን ጊዜ ሰዓት አሸንፏል። ይሉኝታ ያልያዘንበት ሰው እሱ ብቻ ነበርና ምን ይደንቃል? ሁለቱ አባቶች ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ሳቁ። በሳምንቱ ማገሩ ተላከ፤ ቆርቆሮው ተመታ። በጥር ተዳርኩ። አባቴ ያንኑ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ዳሩኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ እግር እንደሚበልጥ ያየ ባለቤቴ ብቻ ነው።

ሰዓት የተባለው ሰው ስላደረገልን ነገር አልናገርም፤ አይቼው ስለማላውቅ። ቦኖ ውኃ ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው የገባልን፤ እሱ ያስገባው ይሁን ሌላ የሚያውቅ የለም። በየአራት ዓመቱ ምርጫ ሲመጣ ሰው አባቴን ቁሙ ይላቸው ነበር። «ኧረ እኔን ተዉኝ፣ ጤናም የለኝ» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው እምቢ ይሉ ስለነበር ሰው ጨዋነታቸውን ያደንቅ ነበር።

ሁለት ምርጫ ካለፈ በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ምርጫ ቀን አባቴና እኔ አብረን ወረድን። የመጨረሻ ልጄን አዝያለሁ። አባቴ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ቁልቁለቱን እንኳ እያረፉ ነው የሚሄዱት። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ስጠብቅ ምን እንደታየኝ አላውቅም፤ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ግን ለምን ጮኹ?»

«የትኛውን ጊዜ?»

«ለጃንጥላ ሰጠሁ ያሉ ጊዜ። ፓርላማውን አይፈልጉትም ነበር?»

«በጣም ነበር እንጂ የምፈልገው» አሉ። «ሌሊት ሌሊት የምናገረውን በልቤ አሰናዳ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ።»

አባቴ አንድም ቀን እንዲህ ብለው አያውቁም።

«ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለራሴ ነበር የሰጠሁት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ማንም የማያይ ሲሆን ጊዜ እጄ እምቢ አለኝ። ዛፉ ውስጥ ከተትኩት። ስወጣ ግን አንቺን አየሁ። የሴቶቹ ሰልፍ ውስጥ ቆመሽ የነጠላሽን ጥለት በጥርስሽ ትበጣጥሺዋለሽ። ይቺ ልጅ ለእኔ ብትሰጥ ባሏን፣ ለእነሱ ብትሰጥ አባቷን ልታጣ ነው አልኩ። ያኔ አፌ ራሱ ጮኸ።»

እንባዬ መጣ። ልጁን ከጀርባዬ ወደ ጎን ሳብ አድርጌ ፊቴን አዞርኩ።

«እኔም ለዛፍ ነው የሰጠሁት» አልኳቸው። «ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም።»

አባቴ አንዴ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ አንዴ ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያ ትንፋሻቸው እስኪያጥር ሳቁ።

«እንግዲያው ሁለት ነበርን!» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው ለይሉኝታ ሲሰጥ ከልባችን የሰጠነው እኔና አንቺ ነን!»

እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸውና ቁልቁል ወረድን።